ውሻና ዶሮ በአንድ ግቢ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማርልን፤ ለቤተ ሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

እንግዲህ በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንድናደርግ ኮሚቴው ሲጠይቀን ርእሱን ሰምተው የሳቁ አሉ። «ዕድር የሚያወራው ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር፣ ስለ መዋጮና ስለ ለቅሶ ነው፤ ውሻና ዶሮን ደግሞ ምን አመጣቸው?» ያሉንም አልታጡም። እውነታቸውን ነው። እኛም ብንሆን ከሠላሳ ዓመት በላይ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ፋይል ስናወጣና ስናስገባ ኖረን በጡረታ የተሰናበትን እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለንም። ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በዚህ ሰፈር ሁለት ቤቶችን አኳርፎ በአንድ ድንኳን ውስጥ ጀርባና ጀርባ ያስቀመጠው ሌላ ሳይሆን ይኸው የውሻና የዶሮ ነገር ነው። ከሁለቱ ቤቶች አንዱ የእኛ ቤት ነበር። ስለዚህ የምንናገረው ከመጽሐፍ ያነበብነውን ሳይሆን የደረሰብንን፣ ይልቁንም በሰው ላይ ያደረስነውን ነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ከግቢያችን ቀጥሎ ባለው ግቢ ባለቤታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ይኖራሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ ታሪኩን እንድንናገር ግን ፈቅደውልናል። እኒህ እናት ዘጠኝ ዶሮዎች ነበሯቸው። አራቱ የሀበሻ ሲሆኑ አምስቱ በአርባ አምስት ቀናቸው የተገዙ የፈረንጅ ዘር ናቸው። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል እንቁላል ብትጥል ነው፤ የፈረንጆቹ ግን በደህና መኖ ከ200 በላይ ስለሚጥሉ ከቤታቸው እንቁላል አይጠፋም ነበር። ያንን ለጎረቤትና ለሱቅ እየሸጡ ጨው በርበሬያቸውን ይገዛሉ፤ የዕድራቸውንም መዋጮ ከዚያው ይከፍላሉ።

እኛ ደግሞ ቦቢ የሚባል ውሻ አለን። ሌባ ስለ በዛ ቀን በሰንሰለት አስረን ሌሊት እንለቀው ነበር። በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ አድሮ በሁለቱ ግቢ መካከል ያለው የቆርቆሮ አጥር ሥሩን ጎርፍ ቦረቦረው። ቦቢም በዚያ ገባ። ጎረቤታችን ጠዋት ሲነሱ ስድስት ዶሮ ሞቶ አገኙ። አንዷም እንኳ አልተበላችም፤ ተነክሳ ተጥላለች እንጂ። ሦስቱ ከጣራው ሥር ከፍ ካለ እንጨት ላይ ሰፍረው ስላደሩ ተረፉ።

ጩኸታቸውን ሰምተን ስንወጣ ያልነው ነገር ዛሬም ስናስታውሰው ያሳፍረናል። «የእኛ ውሻ እንዲህ አያደርግም፤ ሽለምጥማጥ ይሆናል» አልን። ወደ ግቢያችን ስንመለስ ግን የቦቢ ደረት ላባ ለብሷል፣ እግሩም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አየን፤ ዝም አልን። ከውሻው ንክሻ ይልቅ ጎረቤታችንን የጎዳቸው ይህ ዝምታችን ነው።

ሦስት ሳምንት ሳንነጋገር ቆየን። በዚያው ሰሞን ጡሩንባ ተነፍቶ ለቅሶ ስንደርስ እርሳቸው በድንኳኑ በስተቀኝ፣ የእኛ ቤት ሰዎች በስተግራ ተቀመጥን። የነሐሴ መዋጮ ሲሰበሰብ ደግሞ ጭራሽ አልመጡም። ጸሐፊያችን መዝገቡን ገልጦ «እኒህ እናት ሲቀሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው» ሲል ሰማን። ነገሩ የገባን ያን ጊዜ ነው። ለካ የሞተው ስድስት ዶሮ ብቻ አልነበረም፤ አንዲት እናት «ቀባሪ አላጣም» ብለው የሚተማመኑበት መዋጮ ጭምር ነበር።

ወዲያው ሽማግሌ ይዘን ሄድንና እውነቱን ተናገርን። ከተሰበሰቡት መካከል «ደም የለመደ ውሻ አይተውም፤ ይገደል» ያሉ ነበሩ። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ «በሥጋ መርዝ አድርጎ መስጠት ነው፤ አንድ ሌሊት ነው የሚፈጀው» አለ። እርሳቸው ግን እንዲህ አሉ፦ «ውሻው ምን ያውቃል? አጥሩን ያልጠገነው እርሱ ነው? እርሱ ቢሞት ሌባው በእናንተ በኩል አድርጎ ወደ እኔም ይገባል። አስተምሩት እንጂ።» እኛም የስድስቱን ዶሮ ዋጋ በሁለት ጊዜ ከፈልን፤ ያለፋቸውን መዋጮ አስገባን፤ አጥሩንም በድንጋይ ጠገንን። «አስተምሩት» ያሉት ቃል ግን ከጆሯችን አልወጣ አለ። ለካ መማር የነበረብን እኛ ነን።

ውሻ ዶሮን ለምን ይገድላል?

ብዙ ሰው ውሻ ዶሮ የሚገድለው ሲርበው ብቻ ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ቦቢ አንዷን በልቶ በተኛ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ውሻ በተፈጥሮው አዳኝ ነው። ከፊቱ የሚሮጥ፣ የሚንጫጫና የሚርገፈገፍ ነገር ሲያይ ለማሳደድ ይነሣሣል። ዶሮ ደግሞ ስትደነግጥ ያንኑ ታደርጋለች፤ ትሮጣለች፣ ክንፏን ታራግባለች፣ ትጮኻለች። አንዷ ስትያዝ ሌላዋ ስለምትሮጥ ውሻው የያዘውን ጥሎ ወደ ሁለተኛዋ ይሄዳል። በአንድ ሌሊት ስድስት የሚሞተው ስለዚህ ነው። ለውሻው ነገሩ ጨዋታ መስሎት ሊሆን ይችላል፤ ለዶሮዋ ግን ጨዋታም ሆነ አደን ሞት ያው ሞት ነው።

በዚህ ላይ እኛ ባለቤቶች የምንጨምረው አለ። በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ ስናርድ አንገቱንና አንጀቱን ወደ ውሻው እንወረውራለን። የዶሮን ደምና ሽታ ከምግብ ጋር አያይዘን ያስተማርነው እኛው ነን። የእንቁላል ቅርፊት እንሰጠዋለን፤ እርሱም ቅርፊቱን ለምዶ እንቁላሉን ፍለጋ ወደ ጎጆው ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት እናስረዋለን፤ ያለ ሥራ የታሰረ ውሻ ደግሞ ቁጡ ይሆናል፣ ሲፈታም የሚያገኘውን ሁሉ ያሳድዳል። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይባላል፤ የዚህኛውን ካራ ያወጣነው ግን እኛ ነን።

የመጀመሪያው ሥራ የዶሮ ቤት ነው

ውሻን ከማስተማር በፊት ዶሮን ማስጠለል ይቀድማል። ዶሮ በጨለማ እምብዛም አታይም። ስለዚህ ሌሊት አደጋ ሲመጣባት ወዴት እንደምትሸሽ አታውቅም፤ በሰፈረችበት ትያዛለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ቆጥረን ማስገባትና መዝጋት አለብን። እንዲህ ካደረግን ከውሻ ብቻ ሳይሆን ከሽለምጥማጥም ከድመትም እናድናታለን።

ቤቱ ትልቅ መሆን አያስፈልገውም፤ በአንድ ካሬ ሜትር አራት ወይም አምስት ዶሮ ማሳደር ይቻላል። ዳሩ ግን ጠንካራ ይሁን። ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእንጨት እግር ላይ ቢሠራ እርጥበት አይገባውም፣ ውሻም ሥሩን ቆፍሮ አይገባም። በውስጡ ዶሮዎቹ የሚሰፍሩበት ቆጥ ይኑረው። መዝጊያው በክር የሚታሰር ሳይሆን መቀርቀሪያ ያለው ይሁን፤ ክሩን ውሻ በጥርሱ ይፈታዋልና። በገበያ የዶሮ ሽቦ እየተባለ የሚሸጠው ቀጭን ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ይረዳል እንጂ ጉልበት ያለው ውሻ እንዳይገባ አያግድም። ውሻ ባለበት ግቢ ወፍራሙንና የተበየደውን መግዛት ያዋጣል። አቅም ካነሰ የድሮው የጭቃ ግድግዳ ከቀጭን ሽቦ ይሻላል።

ዶሮዎቹ ቀን ቀን የሚውሉበት ቦታ በአጥር ከተከለለ፣ ሽቦው ሠላሳ ሴንቲሜትር ያህል መሬት ውስጥ ይቀበር፤ ወይም በሥሩ ዙሪያውን ድንጋይ ይደርደር። በተለይ በክረምት ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ የአጥሩን ሥር ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። እኛ ይህን ባለማድረጋችን ስድስት ዶሮ ከፍለናል።

ውሻው ይብላ፣ ይታይ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አባቶቻችን። በእርግጥ የጠገበ ውሻም ዶሮ ያሳድዳል፤ የራበው ግን የባሰ ነው። በተወሰነ ሰዓት፣ ዶሮዎቹ ከመለቀቃቸው በፊት ማብላት ጥሩ ነው። ምግቡ ከዶሮዎቹ መኖ የራቀ ይሁን። ዶሮ ድፍረቷ አያድርስ፤ ውሻ ሲበላ ገብታ ከሳህኑ ልትለቅም ትሞክራለች። የዋሁ ውሻ እንኳ በምግቡ ላይ ሲመጡበት ይነክሳል። በእኛ ቤት ቦቢ የሚበላው ከበሩ አጠገብ፣ ዶሮ የማይደርስበት ነው።

ማሰር ካስፈለገም አጭር ሰንሰለት ላይ ውሎ ከሚያድር ከግንብ እስከ ግንብ በተወጠረ ሽቦ ላይ የሚንሸራተት ሰንሰለት ይሻለዋል፤ ወዲያና ወዲህ እንዲል ያስችለዋልና። በቀን አንድ ጊዜ በገመድ ይዞ ማንሸራሸርም ቁጣውን ያበርድለታል። መጀመሪያ ልጆቻችን «አባባ ውሻ ያንሸራሽሩ ጀመር» ብለው ሳቁብን። ዛሬ ግን እነርሱም ተራ ገብተዋል።

ማላመድ እንዴት ነው?

ቡችላ የምታሳድጉ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ። ቡችላ በተወለደ በሦስተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር መካከል ያየውንና የለመደውን ነገር ሁሉ የቤቱ አካል አድርጎ ይቀበለዋል። በዚያ ዕድሜው በየቀኑ ዶሮ እያየ፣ በእጃችን ተይዞ ከጎናቸው እየተቀመጠ ያደገ ቡችላ ኋላ ላይ እምብዛም አያስቸግርም። ሆኖም ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ጫጩት ያላት እናት ዶሮ ቡችላውን ዓይኑን ልትወጋው ስለምትችል ከእርሷ አርቁት። ሁለተኛ፣ ቡችላው ስድስት ወር ከሞላው እስከ ዓመት ተመንፈቅ ድረስ ጎረምሳ ነው፤ በጨዋታ ብቻ ዶሮ ሊገድል ይችላል። «ከሕፃንነቱ ለምዷል» ብላችሁ አትዘናጉ።

ትልቅ ውሻ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በቦቢ ላይ ያደረግነውን እንንገራችሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤታችን ፈቅደው ከተረፉት ዶሮዎች አንዷን በሽቦ ቤት ውስጥ አድርገን ግቢያችን ውስጥ አስቀመጥን። ቦቢን ካንሸራሸርነውና ካበላነው በኋላ በገመድ ይዘን አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ርቀን ተቀመጥን። ዶሮዋን ሲያይ ጆሮው ይቆማል፣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ዓይኑን አይነቅልም። ስሙን ስንጠራው ዘወር ካለልን ቁራሽ ዳቦ እንሰጠዋለን፤ ካልዞረ ደግሞ ሳንጮህና ሳንመታ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ እንርቃለን። ይህንን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ እናደርግ ነበር። ከዚያ በላይ ከሆነ ውሻውም ሰውም ይሰለቻል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ርቀቱን ቀስ በቀስ አጠበብነው። በአራተኛው ሳምንት ከሽቦው አጠገብ ጋደም ብሎ ዳቦውን መጠበቅ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ነው ዶሮዋን ከሽቦ ቤት አውጥተን እርሱን በገመድ የያዝነው። አንድ ቀን ዶሮዋ ክንፏን ብታራግፍ ተወርውሮ ገመዱን ከእጃችን ሊያስለቅቀን ምንም አልቀረውም። ተስፋ ሳንቆርጥ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሰን ከመጀመሪያው ርቀት እንደገና ጀመርን። በሁለት ወር ከግማሽ ገመዱን መሬት ላይ እየጎተተ፣ እኛም አጠገቡ ሆነን ዶሮዎች መካከል ማለፍ ቻለ። ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ እንኳ ብቻውን ከዶሮዎች ጋር አንተወውም። ዓመት ሊሞላን ነው፤ ዛሬም ከቤት ስንወጣ ወይ እርሱ ይታሰራል፣ ወይ እነርሱ ይዘጋሉ።

አደጋ የሚጠቁሙ ምልክቶችንም ልብ በሉ። ውሻው ዶሮዋን አተኩሮ ካየ፣ ጎንበስ ብሎ ካደባ፣ ጅራቱ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ስሙ ሲጠራ ካልሰማ፣ ያን ቀን ይብቃው። ጭራሽ የማይለምድ ውሻም አለ። በዚህ ጊዜ መለያየት ነው እንጂ ውሻውን መጥላት አያስፈልግም። ደግሞም ብቻውን ሲሆን ጨዋ የሆነ ውሻ ከሌሎች ውሾች ጋር ሲሆን ጠባዩ ይለወጣል። በሰፈራችን የሚዞሩ ባለቤት አልባ ውሾች ስላሉ የግቢ በር ተከፍቶ አይዋል።

የማይጠቅሙና የሚጎዱ ነገሮች

የሞተችውን ዶሮ አንገቱ ላይ አስሮ እስክትበሰብስ ማዋል፣ ወይም በሞተችው ዶሮ መደብደብ የድሮ ሰው ዘዴ ነው። ውሻ ግን ከሰዓታት በፊት ያደረገውን አሁን ከሚደርስበት ቅጣት ጋር አያገናኝም። የሚማረው ጌታውን መፍራት ብቻ ነው፤ ሰው በሌለበት ያው ያደርጋል።

መርዝን በተመለከተ አጥብቀን እንናገራለን። በሥጋ ተደርጎ የተጣለ መርዝ የሚበላውን አይመርጥም። ጥፋተኛውን ውሻ ትቶ የሌላውን ሰው ውሻ ይገድላል፤ ድመት ይገድላል፤ የወደቀ ነገር የሚያነሡ ሕፃናት አሉን። የአይጥ መርዝም እንዲሁ ነው። ዶሮ ቤት አካባቢ የተደረገውን ውሻው ሊበላው፣ ወይም የተመረዘችውን አይጥ በልቶ ሊጎዳ ይችላል። ለአይጥ ወጥመድ ይሻላል፤ መኖውንም ክዳን ባለው በርሜል ማስቀመጥ ነው።

የዶሮ መኖንም ለውሻ አትስጡ። ለጫጩቶች የኮክሲዲያ መከላከያ መድኃኒት ተጨምሮባቸው የሚሸጡ መኖዎች አሉ፤ ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ለዶሮ ተስማሚ ሆነው ለውሻ መርዝ ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር እንደ ስንጥር ስለሚሾል የውሻውን ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

ስለ ጤና

የዶሮ ጠላት ውሻ ብቻ አይደለም። ፈንግል በአንድ ሳምንት የሰፈሩን ዶሮ ሊፈጅ ይችላል። ክትባቱ በአገራችን ይመረታል፤ በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውኃ ይሰጣል። ውሻ እዚህ ላይ የሚገባበት መንገድ አለ። በፈንግል የሞተችውን ዶሮ አውጥተን ሜዳ ላይ ስንጥል፣ ውሻ ጎትቶ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ያዳርሰዋል። በበሽታ የሞተ ዶሮ በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

በግ ወይም በሬ ሲታረድም ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ለውሻ መስጠት አይገባም። ከዚያ ውሻው ትል ይይዘዋል፤ የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሰው ገብቶ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ ከረጢት ያሳድጋል። ዶሮና ውሻ ነክተን ምግብ ከመንካታችን በፊት እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ልጆቻችንንም እናስለምድ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ዶሮዎችን ለምዶ የኖረ ውሻ ያለ ምክንያት በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ያገኘውን ሁሉ ከነከሰ፣ ለሃጩን ካዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ «ዶሮ አምሮት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ማንም አይጠጋው፤ ለቀበሌውና ለእንስሳት ክሊኒክ ይነገር። እርሱ የነከሰው ዶሮም አይበላ።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። ባህላዊ መድኃኒት ፍለጋ ስንዞር ቀን ያልፋል፤ ይህ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ የሚያድነው የለም ማለት ይቻላል። በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። በልጅነታችን የነበረው ክትባት ለብዙ ቀን ሆድ ላይ የሚወጋ ስለ ነበር ሰው ይሸሸው ነበር። ዛሬ ክንድ ላይ የሚሰጥና ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚወሰድ አለ። የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለውና ጤነኛ የሚመስል ከሆነ ወዲያው አይገደል፤ ታስሮ አሥር ቀን ይታይ። እስከዚያ ግን የተነከሰው ሰው ሕክምናውን አያዘግይ። ውሾቻችንን በየዓመቱ ማስከተብ ግዴታችን ነው።

ስለ ሕግና ስለ ጉርብትና

በመዝገብ ቤት ስንሠራ በእንስሳት ምክንያት የተካሰሱ ጎረቤታሞች ፋይል በእጃችን አልፏል። ከሁሉም የሚያሳዝነው ፋይሉ ወፍሮ፣ ለጉዳይ መመላለሻ የወጣው ገንዘብ ከእንስሳው ዋጋ በልጦ ስናየው ነው። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም እንኳ። «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው»፣ «አጥሩን ጎርፍ ወስዶት ነው» የሚለው ምክንያት አያድነንም። እኛም ያን ጠዋት ይህንን ቁጥር እያወቅነው ነበር «ሽለምጥማጥ ነው» ያልነው። ሕግ ማወቅና እውነት መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በስተርጅና ተማርን።

ከዚያ ወዲህ በእኛ መንገድ ያለን ስምንት ቤቶች ተሰብስበን በቃል የተስማማንባቸው አምስት ነገሮች አሉ። እነርሱም፦

1. ዶሮ ያለው ሰው ሲመሽ ይዘጋል፤ ቀንም ወደ ጎረቤት አትክልት አይለቅም።

2. ውሻ ያለው ሰው በየዓመቱ ያስከትባል፤ በሩንም ይዘጋል።

3. የጋራ አጥር ከክረምት በፊት በጋራ ይታያል፤ ወጪውም ለሁለት ይከፈላል።

4. ማንም መርዝ አይጥልም።

5. ጉዳት ከደረሰ ባለቤቱ በዚያው ቀን ሄዶ «የእኔ ነው» ይላል፤ ዋጋውን ሽማግሌ ይቆርጣል።

ከአምስቱ የሚከብደው አምስተኛው ነው። ሌሎቹ በእንጨትና በሽቦ ይሠራሉ፤ ይህኛው ግን ልብ ይጠይቃል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በየጓሮው ዶሮ ማርባት በርክቷል፤ ውሻውም ያው ሌባን በመፍራት እንደ በዛ ነው። ስለዚህ ይህ ስምምነት ለእኛ መንገድ ብቻ ሳይሆን ለዕድሩ አባላት ሁሉ ቢጠቅም ብለን ለጉባኤው አቅርበናል።

በመጨረሻም

ጎረቤታችን በከፈልናቸው ገንዘብ ቄቦች ገዝተው ዛሬ አሥራ አንድ ዶሮ አላቸው። ከመስከረም ጀምሮ መዋጯቸው አንድም ወር አልተጓደለም። ቀን ቀን ዶሮዎቹ በአጥሩ በዚያ በኩል ሲጭሩ ቦቢ በዚህ በኩል ጥላ ውስጥ ተጋድሞ ያያቸዋል። አንዳንዴ ጆሮው ይቆማል፤ ስሙን ስንጠራው ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ አምነነዋል አንልም። ባለፈው ግንቦት አንድ ሌሊት ሳያቋርጥ ጮኸብንና በባትሪ ብንወጣ ሽለምጥማጥ ከዶሮ ቤታቸው ጣራ ላይ ዘሎ ሲሮጥ አየነው። በሩ ተዘግቶ ስለ ነበር አንዲትም አልተነካችም። እርሳቸው ከመስኮታቸው ሆነው «አሁንስ እውነተኛው ሽለምጥማጥ መጣላችሁ!» ብለው ሲስቁ ሰማን። ከነገሩ ሁሉ በኋላ በዚያ ጠዋት ያልነውን አንሥተው የሳቁብን ያን ጊዜ ነበር፤ እኛም አብረን ሳቅን።

ባለፈው ወር ጡሩንባ ሲነፋ ለቅሶው ቤት የሄድነው አብረን ነው። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የመጣንበት ነገር ኀዘን ቢሆንም በልባችን አምላክን አመሰገንን። አንድ ቀን ሁላችንንም ይህ ዕድር ይሸኘናል፤ የሚሸከሙን ደግሞ ጎረቤቶቻችን ናቸው። በሕይወት ሳለን በዶሮ የተኳረፍን ሰዎች ያን ቀን በየትኛው ፊት እንገናኛለን? ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የአጥራችሁን ሥር እዩ፤ ዶሮዎቻችሁን ቆጥራችሁ ዝጉ፤ ውሻችሁን አብሉ። የበደላችሁት ጎረቤት ካለም ሳይነጋ ሂዱ።